የሐሰት ልዑላንና ሌሎች አጭበርባሪዎች፦ ጥያቄና መልስ

በታሪክ ስለታወቁ አጭበርባሪዎች የፈለጋችሁትን ጠይቁ። አንድ ነገር አስቀድሜ ልንገራችሁ፤ የሆነ ሰው «አጣሩ» ብሎ ራሱ በሰጣችሁ ስልክ አታጣሩ።

ከአዳማ፦ የኤፍል ታወርን ሸጠ የሚባለው ሰውዬ ወሬ ነው እውነት?

መልስ፦ እውነት ነው። ቪክቶር ሉስቲግ ይባላል። በፈረንጅ 1925 ፓሪስ ውስጥ የመንግሥት ባለሥልጣን ነኝ ብሎ ለብረታ ብረት ነጋዴ ሸጠለት። ገዢው አፍሮ ለፖሊስ እንኳ አልተናገረም።

ከሲልቨር ስፕሪንግ፦ የሐበሻ ልዑላን ነን ብለው እንግሊዞችን የሸወዱትስ?

መልስ፦ ይሄን ጥያቄ ስጠብቅ ነበር! ጥር 30 ቀን 1902 ዓ.ም. ነው፤ በፈረንጅ ፌብሩዋሪ 7 ቀን 1910። ድሬድኖት የእንግሊዝ ባሕር ኃይል የሚኮራበት የጦር መርከብ ነው። ዌይማውዝ ቆሟል። ለአድሚራሉ ከውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት የመጣ የሚመስል ቴሌግራም ደረሰው፤ የአቢሲኒያ ልዑላን እየመጡ ነውና ተቀበሏቸው ይላል። ነገሩን የጠነሰሰው ሆራስ ዴ ቬር ኮል የሚባል ቀልድ የማይሰለቸው ሰው ነው።

ስድስት ናቸው። ኮል የውጭ ጉዳይ ሰው ሆነ። አራቱ ፊታቸውን ጥቁር ተቀብተው፣ ጢም ለጥፈው፣ ጠምጥመው ልዑላን ሆኑ። አንዷ ሴት ናት፤ ኋላ ቨርጂኒያ ዎልፍ ተብላ የታወቀችው ደራሲ። ወንድሟ አድሪያን አስተርጓሚ ሆነ። አማርኛ የት ያውቃል? ተማሪ ሳለ የሸመደደውን የቨርጂል የላቲን ግጥም እየቆራረጠና እያጣመመ ያነበንብላቸው ጀመር። የባሕር ኃይሉ የሙዚቃ ባንድ የዛንዚባርን መዝሙር መታ። ያኔ መቼ ይፋዊ መዝሙር ነበረንና!

ምግብ ሲቀርብላቸው ሃይማኖታችን አይፈቅድም አሉ። እውነቱ ግን የተቀቡት ቀለም ከከንፈራቸው እንዳይለቅ ነው። ሲያካፋ ከልዑላኑ የአንዱ፣ የደንከን ግራንት፣ ጢም መላቀቅ ጀመረ፤ አድሪያን ማንም ሳያየው መልሶ ለጠፈለት። ከሁሉ የሚገርመኝ ግን ዊልያም ፊሸር የሚባለው መኮንን ነው። የቨርጂኒያና የአድሪያን የአክስት ልጅ ነው። ፊት ለፊታቸው ቆሞ አላወቃቸውም! ቴሌግራሙ «ልዑላን ናቸው» ብሏላ። ወረቀት ካመናችሁ ዓይናችሁ ሥራ ያቆማል።

ከሪያድ፦ ምናልባት ጾም ነበር ይሆናል። ሰበቡ ለዚያ ይሆናል የሠራው።

ከአዳማ፦ የፈረንጅ ልጆች ስለ ጾም ምን ያውቃሉ? ደግሞ ብር ስላልወሰዱ ማጭበርበር አይባልም።

ከሪያድ፦ ፊትን ጥላሸት ቀብቶ በእኛ ማላገጥ ቀልድ ነው?

ከሲልቨር ስፕሪንግ፦ የተላገጠበት ባሕር ኃይሉ ነው እኮ።

ከሪያድ፦ አንተን ቢቀቡህ እንዲህ አትልም።

መልስ፦ ቀኑ ሰኞ ነበር፤ ዐቢይ ጾም ሊገባ ደግሞ ወር ይቀረው ነበር። ያላገጡት በባሕር ኃይሉ ነው፤ መሣሪያ ያደረጉት ግን እኛን ነው። ሪያድ ያለው ልክ ነው። ቀጣይ።

ከባሕር ዳር፦ ፖንዚ ፖንዚ የሚሉት ምንድን ነው?

መልስ፦ የሰው ስም ነው። ቻርልስ ፖንዚ፣ ቦስተን፣ በፈረንጅ 1920። በ45 ቀን 50 በመቶ ትርፍ እሰጣለሁ አለ። ከውጭ አገር የፖስታ ኩፖን እየገዛሁ አተርፋለሁ ይላል። ለቀደሙት የሚከፍለው ግን አዲስ ገቢዎች ካመጡት ብር ነው።

ከሐዋሳ፦ ብሔራዊ ባንክ ወርቅ ብሎ ብረት ገዛ የተባለውስ?

መልስ፦ 2000 ዓ.ም.። ደቡብ አፍሪካ ተልኮ ወርቅ የተለበጠ ብረት ነው ተብሎ ተመለሰ። የፍርድ ቤቱ ነገር ውስጥ አልገባም።

ከዱባይ፦ አንድ ነገር ላይ ብር ላስገባ ነበር። ያዋጣል?

መልስ፦ «አንድ ነገር» ምንድን ነው? ማን ነው፣ ስንት ነው፣ በስንት ቀን ነው?

ከዱባይ፦ በቴሌግራም ያገኘሁት ልጅ ነው። በወር እጥፍ ያደርገዋል። የንግድ ፈቃዱንም ልኮልኛል።

መልስ፦ ስለ ፖንዚ አሁን አልመለስኩም? የፈቃድ ፎቶ ማንም ይሠራል። ፈቃዱን ሰጠ የተባለው መሥሪያ ቤት ራስሽ ደውለሽ ጠይቂ።

ከዱባይ፦ ደውያለሁ። ትክክል ነው አሉኝ። ስልካቸውን እሱ ነው የሰጠኝ።

መልስ፦ እህቴ፣ ስልኩን ያነሳልሽ እሱ ራሱ ወይ ጓደኛው ነው። ብሩን እንዳትልኪ።