ጠይቁን፦ ብዙ ሰው ጥቂት ጥቂት ሲያዋጣ

በዚህ ዕትም የመረጥናቸው ጥያቄዎች ከድሬዳዋና ከሐረር የመጡ ናቸው፤ ሁሉም ስለ ምርጫ ዘመቻ መዋጮ ይጠይቃሉ።

ጥያቄ፦ አትላንታ የሚኖረው ታላቅ ወንድሜ ለአሜሪካ ፕሬዚዳንትነት የሚወዳደር፣ ያሸንፋል ብሎ ማንም የማይጠብቀው ሰው ደጋፊ ነው። ማታ ማታ እየደወለ «እንደዚህ ያለ ተወዳዳሪ በአንድ ቀን ስድስት ሚሊዮን ዶላር ሰብስቦ ያውቃል» ይለኛል። አቦ፣ እውነት ነው? ከሆነስ እንዴት ተደረገ? (ከሳቢያን፣ ድሬዳዋ)

መልስ፦ እውነት ነው። ሰውየው ሮን ፖል ይባላሉ፤ ሐኪምና ከቴክሳስ የተመረጡ የምክር ቤት አባል ነበሩ። ለእ.ኤ.አ. 2008ቱ ምርጫ የሪፐብሊካን ፓርቲ ዕጩ ለመሆን ሲፎካከሩ በሕዝብ አስተያየት መመዘኛዎች ከኋላ ከሚሰለፉት መካከል ነበሩ። ደጋፊዎቻቸው እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 5 ቀን 2007፣ በእኛ ጥቅምት 25 ቀን 2000 ዓ.ም.፣ ከ4 ሚሊዮን ዶላር በላይ አስገቡ። ዲሴምበር 16፣ በእኛ ታኅሣሥ 6 ቀን፣ ደግሞ ከ6 ሚሊዮን በላይ ገባ። በዚያ ሁለተኛ ቀን የሰጡት 58 ሺህ ያህል ሰዎች ናቸው፤ ሲካፈል ለአንድ ሰው 100 ዶላር ገደማ ይደርሳል።

አሠራሩን በቅርብ እንየው። ሐሳቡ የመጣው ከዘመቻው ጽሕፈት ቤት ሳይሆን ከደጋፊዎች ነው። አንድ ደጋፊ ድረ ገጽ ከፍቶ 100 ሺህ ሰዎች በአንድ ቀን 100 ዶላር እንዲሰጡ ጠየቀ። ድረ ገጹ አንድ ሳንቲም አልተቀበለም። ኢሜይል መዘገበ፣ ቀኑ ሲደርስ አስታወሰ፣ ለጋሹንም ዘመቻው ራሱ ወደከፈተው መክፈያ ገጽ መራ። ይህን ደጋግመን ብንናገር አይሰለቸንም፤ ገንዘቡ በጠሪው እጅ ስላላለፈ ማንም ማንንም የሚጠረጥርበት ምክንያት አልነበረም።

ቀኖቹም በዘፈቀደ አልተመረጡም። ኖቬምበር 5 ጋይ ፎክስ በ1605 የእንግሊዝን ፓርላማ ሊያፈነዳ ሲል የተያዘበት ዕለት ነው። ዲሴምበር 16 ደግሞ በ1773 የቦስተን ሰዎች የእንግሊዝን የሻይ ግብር ተቃውመው ከመርከብ ላይ ሻይ ባሕር ውስጥ የጣሉበት ነው። የሚታወስ ቀን ሰው በቀላሉ ለጎረቤቱ ይነግራል። ያው ገንዘብ በሦስት ወር ቢንጠባጠብ ማንም ልብ አይለውም ነበር፤ በ24 ሰዓት ሲገባ ግን ዜና ሆነ፣ ዜናው ደግሞ የማያውቋቸውን ሰዎች አመጣ። ድምሩ በየደቂቃው ሲያድግ በግልጽ መታየቱም «እኔም ልጨምር» የሚል ስሜት ፈጥሯል።

ለወንድምዎ ግን ይህንንም ይንገሯቸው። የመጀመሪያው ቀን ጥሪ ቢሞላ 10 ሚሊዮን ዶላር ይሆን ነበር፤ የገባው ከግማሽ በታች ነው። ሮን ፖልም በዚያ ፉክክር የአንድ ግዛት ምርጫ እንኳ አላሸነፉም፤ ዕጩ የሆኑት ጆን ማኬይን ናቸው። 58 ሺህ ሰው ለመዋጮ እጅግ ብዙ ነው፣ በመላው አሜሪካ ለተበተነ ድምፅ ግን ጥቂት ነው። ገንዘቡ የደጋፊውን ትጋት ያሳያል፤ ድምፅ የሚሰበሰበው ግን በር እየተንኳኳ፣ በየምርጫ ጣቢያው ነው።

ጥያቄ፦ አጎቴ ሚኒያፖሊስ ነው፣ ግሪን ካርድ አለው። 5,000 ብር ልልክለትና ለሚደግፈው ዕጩ በእሱ በኩል ልሰጥ አስቤ ነበር። ደግሞ የመዋጮ ፎርሙ ሥራውንና ቀጣሪውን ስለጠየቀው ደንግጧል። (ከጀጎል፣ ሐረር)

መልስ፦ አይላኩ። የአሜሪካ ሕግ የውጭ ዜጋ ለየትኛውም የአገሪቱ ምርጫ፣ ለፕሬዚዳንትም ይሁን ለከተማ ምክር ቤት፣ ገንዘብ እንዳይሰጥ ይከለክላል። መጠኑ ማነሱ አያድንም። አጎትዎ በግሪን ካርዳቸው ከራሳቸው ገንዘብ መስጠት ይፈቀድላቸዋል፤ የእርስዎን ብር በስማቸው ካስገቡ ግን ጥፋቱ ሁለት ይሆናል፤ በሌላ ሰው ስም መስጠት ለብቻው የተከለከለ ነው። እርስዎ ሊያደርጉ የሚችሉት ያለ ክፍያ በጉልበት ማገዝ ነው፤ ለምሳሌ በራሪ ወረቀት ወደ አማርኛ፣ ኦሮምኛ ወይም ሐረሪ መተርጎም። ገንዘቡ በምን ይውል በሚለው ውሳኔ ግን አይግቡ።

ፎርሙ አጎትዎን አያስደንግጣቸው። የአንድ ሰው መዋጮ ተደምሮ ከ200 ዶላር ሲያልፍ ዘመቻው ስም፣ አድራሻ፣ ሥራና ቀጣሪ መዝግቦ ለፌዴራል ምርጫ ኮሚሽን ማሳወቅ አለበት፤ ብዙ ፎርሞች ከመጀመሪያው ዶላር ጀምረው የሚጠይቁት ለዚህ ነው። ዝርዝሩ ለሕዝብ ክፍት እንደሚሆን ግን አስቀድመው ይወቁ። በጥሬ ገንዘብ ከ100 ዶላር በላይ መስጠት አይፈቀድም። ለ2025–26 ዙር የአንድ ሰው ጣሪያ ለአንድ ዕጩ በአንድ ምርጫ 3,500 ዶላር ነው።

ጥያቄ፦ ለምን «1 ዶላር ብቻ» ይላሉ? አንድ ዶላር ምን ያደርጋል? (ከሸንኮር፣ ሐረር)

መልስ፦ የሚፈለገው ዶላሩ ሳይሆን ቁጥሩ ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 ዴሞክራቲክ ፓርቲ ወደ መጀመሪያዎቹ የቴሌቪዥን ክርክሮች የሚያስገባ አንድ መንገድ አበጀ፦ 65 ሺህ ለጋሾች፣ ቢያንስ በ20 ግዛቶች ከእያንዳንዳቸው 200። ሪፐብሊካኖችም በ2023 ከሌላ መስፈርት ጋር 40 ሺህ ለጋሽ ጠየቁ። ያኔ የሰሜን ዳኮታው ገዥ ዳግ በርገም 1 ዶላር ለሰጠ ሰው የ20 ዶላር የስጦታ ካርድ እስከ መስጠት ደረሱ፤ ክርክሩም ላይ ቆሙ። በእኛ አስተያየት እንዲህ የተገዛ ለጋሽ ሁለተኛ ጊዜ ሲጠየቅ አይገኝም፣ የትንሽ መዋጮ ጥቅም ግን ያንኑ ሰው ደጋግሞ መጠየቅ መቻሉ ነው።

ክፍያ አስተላላፊዎች ድርሻ እንደሚቆርጡም አይርሱ። አክትብሉ የሚባለው 3.95 በመቶ ይወስዳል፤ ከ25 ዶላር 99 ሳንቲም መሆኑ ነው። ከመክፈል በፊት «በየወሩ» የሚል ሣጥን አስቀድሞ ምልክት ተደርጎበት እንደሆነ ይመልከቱ። በ2020 ምርጫ ይህን ሣጥን ሳያዩ ያለፉ ብዙ ለጋሾች ካርዳቸው ደጋግሞ ተቆርጦ ተመላሽ ሲጠይቁ ነበር።

ጥያቄ፦ እኛ እዚሁ ለአንድ የግል እጩ የአንድ ቀን መዋጮ በቴሌብርና በባንክ ልናደርግ ነው። ካናዳ ያሉ የድሬ ልጆችም ሊያግዙን ዝግጁ ናቸው። እንዴት እናድርገው? (ከከዚራ፣ ድሬዳዋ)

መልስ፦ የእጩው ውድድር ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ነው ብለን እንነሳ። በእኛ አገር ፕሬዚዳንቱን የሚመርጡት ሁለቱ ምክር ቤቶች በጋራ ተቀምጠው በሁለት ሦስተኛ ድምፅ ስለሆነ ለዚያ ወንበር ሕዝብ ፊት የሚደረግ ዘመቻ የለም።

መጀመሪያ የካናዳዎቹ ጉዳይ። አዋጅ ቁጥር 1162/2011 ከውጭ ዜጋና ምንጩ ካልታወቀ ሰው ገንዘብ መቀበልን ይከለክላል። የካናዳ ዜግነት የወሰደ የድሬ ልጅ ቢጫ ካርድ ቢኖረውም ለዚህ ጉዳይ የውጭ ዜጋ ነው። ስለዚህ ፍቅራቸውን ይቀበሉ፣ ገንዘባቸውን ግን አይቀበሉ። ጥሪው ከመውጣቱ በፊትም እጩው ወይም የሒሳብ ኃላፊው ምርጫ ቦርድ ቢሮ ሄዶ የመዋጮ ጣሪያንና የሒሳብ አቀራረብን በጽሑፍ ይያዝ።

ሒሳቡ በዘመቻው ስም የተከፈተ፣ ሁለት ፈራሚ ያለው ይሁን። የአንድ ወጣት የግል ቴሌብር ላይ መሰብሰብ ሁለት ችግር ያመጣል፦ የግል ሒሳብ የሚይዘው ገንዘብ ጣሪያ አለውና እኩለ ቀን ላይ ይዘጋል፤ ልጁም ባላጠፋው ነገር ይታማል። የአፎቻን ወይም የዕድርን ሣጥን ፈጽሞ አትንኩ። እዚያ የተቀመጠው ለለቅሶና ለሠርግ ነው፤ አባላቱም የተለያየ እጩ ይደግፋሉ።

ቀኑን ደመወዝ ከወጣ በኋላ ባለው ሳምንት አድርጉት፣ ዓርብ ግን አይሁን። በድሬ ሙቀት ከቀኑ 7 እስከ 10 ሰዓት ሰው ከቤት አይወጣም፣ በርጫም አለ፤ ማስታወሻችሁ ጠዋት 2 ሰዓት ላይና ከ11 ሰዓት በኋላ ይሂድ። ከሦስት ሳምንት በፊት ጀምሩና የቃል ገቢዎችን ስምና ስልክ መዝግቡ፤ ከዋዜማው ማታ ደግማችሁ ደውሉ። 600 ሰው 200 ብር ቃል ቢገባ 120 ሺህ ይሆናል፤ በጀታችሁን ግን በ48 ሺህ ሥሩ። ከላይ እንዳያችሁት 10 ሚሊዮን የታቀደበት ቀን ከግማሽ በታች ነው የገባበት።

እያንዳንዱ ለጋሽ ሲከፍል ይህን መልእክት ይላክ፦ «እኔ (ሙሉ ስም)፣ ኢትዮጵያዊ ዜጋ ነኝ፣ 200 ብር ከራሴ ገንዘብ ለዘመቻው ሰጥቻለሁ፤ የግብይት ቁጥሬ ይህ ነው።» መዝገቡ ላይ ቀን፣ ስም፣ ቀበሌ፣ ስልክ፣ ብር፣ የግብይት ቁጥርና የመዝጋቢው ፊርማ ይኑር። የሚበላሸው በአብዛኛው እዚህ ላይ ነው። ሰዎች የደረሰኝ ስክሪንሾት ይልካሉ፣ መዝጋቢውም አይቶ ይጽፋል፤ ስክሪንሾት ግን በስልክ ይቀየራል፣ አንዱም ሁለት ጊዜ ይላካል። የንግድ ባንክ ከሆነ በኤፍቲ የሚጀምረውን ቁጥር ከሒሳቡ መግለጫ ጋር አንድ በአንድ አመሳክሩ። ቁጥሩ መግለጫው ላይ ከሌለ መዋጮው የለም።

ድምሩን በቀኑ ውስጥ በየሁለት ሰዓቱ ለጥፉ፣ ግን የተመሳከረውን ብቻ። ከፍ አድርጋችሁ ለጥፋችሁ ማታ ብትቀንሱ በሚቀጥለው ጥሪ ማንም አያምናችሁም። ባለቤቱ ያልታወቀ ገንዘብ ከገባ አታውጡት፤ በባንኩ በኩል ላኪውን ፈልጋችሁ መልሱ፣ ካልተገኘ ለቦርዱ አሳውቁ። በሦስት ቀን ውስጥም ስንት እንደገባና በምን እንደሚውል ለከፈሉት ሁሉ በአጭር መልእክት ይድረሳቸው፤ 50 ብር የሰጠችው የቀፊራ ነጋዴ ከ5,000 ብር ሰጪው እኩል፣ በዚያው ሰዓት።