በዛብህ ተስፋ ቆርጦ ነበር? ጥያቄና መልስ

ደብረ ማርቆስና አካባቢዋ ላላችሁ አንባቢ ወዳጆቼ፣ መከራ ስላጠላባቸው የልቦለድ ዋና ገጸ ባሕርያት የፈለጋችሁትን ጠይቁኝ ብዬ ነበር። ጥያቄዎቻችሁ እነሆ።

ጥያቄ፦ መምህር፣ በ«ፍቅር እስከ መቃብር» ይበልጥ ተስፋ የቆረጠው ማን ነው? በዛብህ ወይስ ሰብለ ወንጌል?

መልስ፦ እኔ በዛብህ ነው እላለሁ። ወላጆቹ በሕፃንነቱ ለቤተ ክርስቲያን ሊሰጡት ተስለዋል። ስለዚህ ሕይወቱ የራሱ ሆና አታውቅም። ፍቅር ሲይዘው እንኳ ደስታው ከፍርሃት ጋር ነው። የሰብለም ጭንቀት ቀላል አይደለም፤ ለዘሯ የሚመጥን ባል ሲመረጥላት ዕድሜዋ እየነጎደ ነው። ግን ተነሣች! የፊታውራሪ መሸሻ ልጅ፣ በእንክብካቤ ያደገችው፣ የመነኩሴ ልብስ ለብሳ በዛብህን ፍለጋ ከአገሯ ከዲማ ወጣች። ያን ጉዞ ባነበብኩ ቁጥር ልቤ ይመታል። ገጸ ባሕርይ ተስፋ አለው የለውም ለማለት የሚናገረውን ትቼ እግሩን ነው የማየው።

ጥያቄ፦ እኔ ከደጀን ነኝ። መጨረሻው ሞት ከሆነ ጉዞዋ ምን ፈየደ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ የዓባይን በረሃ የምታውቅ ሰው እንዲህ ብትል አልፈርድብህም። በዛብህ ሽፍቶች አቁስለውት ሊሞት ሲል ነው የደረሰችው። ለሁለቱ ተስፋ አልቋል። ግን የዚያው ልቦለድ ገጸ ባሕርይ ጉዱ ካሣን አትርሳው። ሥርዓቱ እንደማይዘልቅ ሲናገር ሰው ሁሉ እብድ ይለዋል። ሐዲስ ዓለማየሁ መጽሐፉን ያሳተሙት በ1958 ዓ.ም. ነው። አብዮቱ የፈነዳው በ1966። ደራሲው ተስፋውን ከፍቅረኞቹ ይልቅ «እብዱ» ጋ ነው ያስቀመጡት ብዬ አምናለሁ።

ጥያቄ፦ በሩሲያዊው ዶስቶየቭስኪ «ወንጀልና ቅጣት» ያለውን ራስኮልኒኮቭን ከእነሱ ጋር ማወዳደር ይቻላል?

መልስ፦ በደንብ። የእሱ ጭንቀት ከውጭ አልመጣም፤ በመጥረቢያ ሁለት ሰው ገድሏል። ከዚያ በኋላ ከእናቱና ከእኅቱ ጋር መቀመጥ እንኳ ያቅተዋል። ከግድያው ይልቅ ያ ብቸኝነት ነው እኔን የሚያስፈራኝ። የምትወደው ሶንያ ግን እስከሚታሰርበት ሳይቤሪያ ትከተለዋለች። መጨረሻ ላይ ወንጌሉ ትራሱ ሥር ነው። ያወጣዋል፣ ግን አይገልጠውም። ከተፈረደበት 8 ዓመት ገና 7 ይቀረዋል። ዶስቶየቭስኪ ተስፋን በዚህች በትንሿ እንቅስቃሴ ብቻ አሳየን። ከዚህ በላይ ቢጨምር ኖሮ አላምነውም ነበር።

ጥያቄ፦ የፈረንሳዊው ደራሲ የካሙ ገጸ ባሕርይ መርሶስ? ሞት ተፈርዶበት ቄሱን ያባረረው?

መልስ፦ እሱ ተስፋ ቆርጧል አልልም። ተስፋን ራሱን አልፈልግም ያለ ሰው ነው፤ ሰላምም ያገኛል። የእሱን ዓይነት ሰው ከበዛብህ ጎን ማሰለፍ አይመቸኝም።

ጥያቄ፦ መምህር፣ የበዓሉ ግርማ ልቦለድ የ«ከአድማስ ባሻገር»ን አበራን ዘለሉት።

መልስ፦ አልዘለልኩትም እኅቴ። የዛሬው ወጣት ራሱን የሚያይበት እሱን ነው። የቢሮ ሥራ አለው፤ የሚያሳድደው የለም። ልቡ ግን ሥዕል ላይ ነው። አግባ፣ ቤት ሥራ ይሉታል። ሆድ የሞላበት ጭንቀት ስለሆነ ማንም አያዝንለትም፤ እኔ ግን አዝንለታለሁ።

ጥያቄ፦ ልጄ ከሰው ርቋል፤ መጽሐፍ ይዞ ክፍሉን ዘግቶ ይውላል። ልከልክለው?

መልስ፦ አይከልክሉት እናቴ። የያዘውን መጽሐፍ እርስዎም ያንብቡትና ስለ ገጸ ባሕርዩ ይጠይቁት። ስለ ራሱ የማይነግርዎትን በዚያ በኩል ሊነግርዎት ይችላል። መሞትን ካነሳ ግን መጽሐፉ ይቆይ፤ ዛሬውኑ ሐኪም ቤት ይውሰዱት።