ለአራት ቫዮላ የቢበር ፓሳካሊያ፦ ኪውን ከባሱ ተነስተሽ ምረጪ

ሰላም እህቴ፣ አራት የቫዮላ ተጫዋቾች ነን የአቀናባሪውን የቢበርን የሶሎ ቫዮሊን ፓሳካሊያ (በሚደጋገም ባስ ላይ የቆመ ሙዚቃ) ልንጫወት ነው፣ በየትኛው ኪ (መነሻ ቃና) እናድርገው፣ እንዴትስ እንከፋፈለው ላልሽው፣ እኔ ለሦስትም ለአራትም ቫዮላ ጽፌው ከጓደኞቼ ጋር ስለተጫወትነው ያየሁትን ልንገርሽ።

ብዙ ሰው ቀጥታ አምስተኛ (ከጂ እስከ ሲ አምስት ኖታ ተቆጥሮ) ያወርደውና ከጂ ማይነር ሲ ማይነር ያደርገዋል፣ የቫዮላ ክሮች ከቫዮሊኑ በአምስተኛ ስለሚወርዱ ጣቶቹ ምንም ሳይቀየሩ ልክ ይመጣሉ። ብቻሽን ብትጫወቺው እኔም እሱን ነው የምልሽ። ለአራት ግን መጀመሪያ ባሱን፣ የታችኛውን መስመር ማለቴ ነው፣ እይው፣ ሥራው በሙሉ የቆመው ጂ፣ ኤፍ፣ ኢ ፍላት፣ ዲ እያለ በሚወርድ አራት ኖታ ላይ ነው፣ 65 ጊዜ ይደጋገማል። ሲ ማይነር ላይ ሲ፣ ቢ ፍላት፣ ኤ ፍላት፣ ጂ ይሆናል፣ እና ባሱን አንድ ኦክታቭ (ስምንት ኖታ) ላውርደው ስትዪ ከመጀመሪያዋ ሲ በኋላ ቫዮላው ያልቅብሻል፣ ከሲ ክሩ በታች ኖታ የለውም። ጂ ማይነር ላይ ከተውሽው ግን አራቱም ወርደው ጂና ሲ ክር ላይ ቁጭ ይላሉ፣ ቼሎ ሳይኖር እውነተኛ ባስ ታገኛላችሁ። በእርግጥ አንደኛዋ ቫዮላ ኤ ክር ላይ ብዙ መውጣት አለባት፣ ከፍ ያለ ፖዚሽን (እጅን ክሩ ላይ ወደ ላይ ገፍቶ መጫወት) የማያስፈራት ሰው ስጪው።

ባሱን ለአንድ ሰው ብቻ አትስጪ፣ እያዟዟርሽ አከፋፍይ፣ አለበለዚያ ያ ሰው መስማት ያቆማል። ፈጣኑን መስመር ስታቀባብሉ ደግሞ ባር (የኖታ ልኬት) መጨረሻ ላይ አትቁረጪው፣ የሚቀጥለው ባር የመጀመሪያዋን ኖታ ሁለቱም ይጫወቷት፣ ስፌቱ አይታይም።

ኮርዶቹ (አብረው የሚመቱት ኖታዎች) ላይ በጣም ተጠንቀቂ፣ ቫዮሊኑ ብቻውን ሲሆን ከታች ወደ ላይ ሰብሮ ነው የሚጫወተው፣ አየር አለው፣ አራት ሰው እኩል ሲመታው ግን ይከብዳል፣ ስለዚህ የታችኞቹን አጭር አድርገሽ ጻፊ፣ ሲ ክር አካባቢም የተጠጋጉ ሦስተኛዎች (እንደ ሲና ኢ ያሉ ጥንዶች) አታስገቢ ድምፁ ይደፈርሳል። እና እባክሽ ሁሉንም ቦታ አትሙዪው!! አንድ ቫዮላ ባሱንም ዜማውንም ይዛ ብቻዋን የምትሄድባቸው ቫሪዬሽኖች (ባሱ ሲደገም ላዩ የሚለዋወጥባቸው ክፍሎች) ይኑሩ፣ ሙዚቃው ለአንድ ሰው ነው የተጻፈው፣ ያ ብቸኝነት ከጠፋ እኔ ዋናው ነገር ጠፋ ነው የምለው።

አሬንጅ ማድረግ (ለሌላ መሣሪያ መለወጥ) ነውር ነው የሚልሽ ካለ ባክ ራሱ ለሶሎ ቫዮሊን የጻፈውን የኢ ሜጀር ፓርቲታ ፕረሉድ (መክፈቻ) በ1731 ለካንታታ 29 (የመዝሙር ሥራ) ኦርጋንና ኦርኬስትራ አድርጎታል፣ ኪውንም ወደ ዲ ሜጀር ቀይሮ። አራት እኩል መሣሪያ ያለ ባስ እንዴት እንደሚነጋገር ለማየት ደግሞ ቴለማን ለአራት ቫዮሊን የጻፋቸውን ኮንቸርቶዎች ስኮር (የሁሉም ፓርት በአንድ ላይ የተጻፈበትን) ከፍተሽ ተመልከቺ፣ ማን መቼ ዝም እንደሚል ብቻ ብታይ ብዙ ትማሪያለሽ።

ፓርቶቹን ስትጽፊ የአንደኛዋን ከፍ ያለ ቦታ በትሬብል ክሌፍ (በቫዮሊን የኖታ ምልክት) አድርጊላት፣ አልቶ ክሌፍ (የተለመደው የቫዮላ ምልክት) ላይ ያን ሁሉ ተጨማሪ መስመር እየቆጠረች ልምምዱ እንዳያልቅ።