የወላጆቻችን የኩላሊት ውጤት፦ ጥያቄና መልስ

ደሴ ላቦራቶሪ ውስጥ ስሠራ ኖሬ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ። ሐኪም አይደለሁም፤ ወረቀቱ ላይ ያለው ቁጥር ከየት እንደሚመጣ ግን አውቃለሁ። ስለ ኩላሊት ምርመራ፣ ብዙዎቻችሁ «አር ኤፍ ቲ» ስለምትሉት፣ ጠይቁኝ ብዬ ነበርና ጥያቄው ጎረፈ። መድኃኒት መጀመርና ማቆም የሐኪማችሁ ነው፤ እኔ የማወራው ስለ ወረቀቱ ነው።

ከሐይቅ፦ እናቴ 75 ዓመቷ ነው። ክሪያቲኒን 1.2 ሆኖ ወረቀቱ «ኖርማል» ይላል። ሐኪሙ ደግሞ ኩላሊቷ ደከም ብሏል አለን። ማንን እንመን?

ሁለቱም አልዋሹም፣ ልጄ። ክሪያቲኒን ከጡንቻ የሚወጣ ጥራጊ ነው፤ ኩላሊት ከደም አጣርቶ በሽንት ያስወጣዋል። ጡንቻው ብዙ የሆነ ሰው ጥራጊውም ብዙ ነው። አሁን ኮምቦልቻ ላይ ጆንያ የሚሸከም የ30 ዓመት ጎረምሳና እናትሽ እኩል 1.2 አወጡ እንበል። ጎረምሳው ብዙ እያመረተ ነው 1.2 ላይ የቆመው። እናትሽ ግን ከዚያች ከቀረቻት ጡንቻ የሚወጣው ጥቂት ሆኖ ሳለ ደሟ ውስጥ ተጠራቅሞ 1.2 ደረሰ። ስለዚህ ዕድሜና ጾታ ገብቶ ሲሰላ የጎረምሳው የማጣራት አቅም 83 ገደማ፣ የእናትሽ 47 ገደማ ይመጣል። «ኢጂኤፍአር» የሚባለው ይህ ነው፤ ኩላሊት በደቂቃ ስንት ሚሊሊትር ደም እንደሚያጣራ የሚገመትበት ስሌት። ወረቀቱ ላይ «ከ0.6 እስከ 1.2» ተብሎ የታተመው ለጎልማሳ ሁሉ በጅምላ ነው፤ የእናትሽን ዕድሜ አያውቅም።

አንድ ነገር ልጨምር። በጣም ከስተው አልጋ ላይ የዋሉ አረጋውያን ዘንድ ስሌቱ ራሱ ያሞግሳል፤ ቁጥሩ ከእውነተኛው ኩላሊት ያማረ ሆኖ ይወጣል።

ከወረኢሉ፦ አባታችን የተወለዱበትን ዓመት አያውቁም። ካርዱ ላይ 70 ተብሏል፤ እኛ 80 ይሆናቸዋል እንላለን። ስሌቱ አይበላሽም?

ይህን ጥያቄ የወደድኩት በሥራ ዘመኔ ሁሉ ስላጋጠመኝ ነው። «በ66ቱ ድርቅ አግብተው ነበር? ስንት ልጅ ነበረዎት?» እያልን ነበር ዕድሜ የምናወጣው። ደግነቱ ስሌቱ ያን ያህል አይቀየምም፦ የ10 ዓመት ስህተት 6 በመቶ ገደማ ነው የሚለውጠው። ክሪያቲኒናቸው 1.4 ከሆነ በ70 ዓመት 54፣ በ80 ዓመት 51 ይመጣል። አብሽሩ፣ በዚህ እንቅልፍ አትጡ። ብቻ በየጊዜው ያንኑ ዕድሜ ስጡ፤ አንዴ 70 አንዴ 80 ከተባለ ኩላሊቱ የወረደ ወይም የተሻለ ይመስላል።

እንደገና ከሐይቅ፦ 47 ማለት ከመቶ 47 ነው? በሽታ ነው ወይስ እርጅና?

መቶኛ አይደለም፤ የጤነኛ ወጣት ቁጥር መቶ አካባቢ ስለሆነ ግን ሰው እንደዚያ አድርጎ ቢያየው አልቆጣም። ከ40 ዓመት ወዲያ አቅሙ በአማካይ በዓመት አንድ ያህል እየወረደ ይሄዳል። መጽሐፉ ከ60 በታች ሆኖ ሦስት ወርና ከዚያ በላይ ከቆየ ሥር የሰደደ የኩላሊት ሕመም ይለዋል። ለ75 ዓመት እናት ይህ ስም ይከብዳል ባይ ነኝ። ለእኔ የሚፈርደው ሽንቱ ነው። ኩላሊት አልቡሚን የሚባለውን ፕሮቲን ወደ ሽንት የሚያፈስስ ከሆነ 47ም ያስፈራል፤ ካላፈሰሰና ቁጥሩ ዓመት ከዓመት ባለበት ከረገጠ፣ ብዙ አረጋውያን ዲያሊስስ የሚባለውን፣ ደምን በማሽን ማጣራትን፣ ሳያዩ ዕድሜያቸውን ይጨርሳሉ። ስለዚህ የጠዋት ሽንት ይዛችሁ የአልቡሚንና የክሪያቲኒን ንጽጽር አሠሩ፤ ከ30 በታች ደህና፣ ከ300 በላይ ከባድ ነው። እሱ ካልተገኘ ተራው የሽንት ወረቀት ከምንም ይሻላል። ስኳር ወይም ግፊት ካለባት ደግሞ ይህ ምርመራ አይዘለል።

ከአምባሰል፦ የአባቴ ክሪያቲኒን ከወር በፊት 0.9 ነበር። ግሸን ወጥተው ተመልሰው በሁለተኛው ቀን ብንመረምራቸው 1.3፣ ሽንታቸው ላይም ፕሮቲን ተገኘ። ጉድ ሆንን?

ግሸንን የወጣ ያውቀዋል! ያ ሁሉ ዳገት፣ ላብ፣ ውኃ ጥም፣ ከዚያ ቤት ሲገቡ የበዓሉ ወጥና ጥብስ። ብርቱ ድካም ፕሮቲንን ለጊዜው ወደ ሽንት ያወጣል፤ የውኃ እጥረት ክሪያቲኒንን ከፍ ያደርጋል፤ የበሰለ ሥጋ በብዛት መብላትም እንደዚሁ። ሐኪማቸው ሌላ ካላለ፣ ያረፉና ውኃ የጠጡ ሆነው ከሳምንት ወይም ከሁለት ሳምንት በኋላ ሥጋ ሳይበሉ ይድገሙት። ያኔም 1.3 ከሆነ እንነጋገራለን። በነገራችን ላይ 1.1 እና 1.2 ለላቦራቶሪ ሰው አንድ ናቸው፤ በዚያ አታልቅሱ።

ከቆቦ፦ እናታችን ለጉልበታቸው ዳይክሎፌናክ ይወስዳሉ። የግፊት ኢናላፕሪልና የሚያሸና ኪኒንም አላቸው። ክሪያቲኒን ከ1.0 ወደ 2.1 ወጣ።

ይህኛውን ዛሬውኑ ለሐኪም አሳዩ። የመስኖ አገር ሰዎች ናችሁና በመስኖ ልንገራችሁ። ዳይክሎፌናክ ወደ ኩላሊት የሚገባውን ቦይ ያጠባል። ኢናላፕሪል የሚወጣበትን ያሰፋል። የሚያሸናው ደግሞ ከላይ የሚመጣውን ውኃ ይቀንሳል። ሦስቱ አንድ ላይ ሲሆኑ ማጣሪያው ግፊት አጥቶ ይደርቃል። ቶሎ ከተደረሰበት ብዙ ጊዜ ይመለሳል።

እኔ ራሴ ጉልበቴን ሲያመኝ አንድ መድኃኒት ቤት ገብቼ ማስታገሻ ስጠይቅ፣ ስለ ግፊት መድኃኒቴ አንዲት ቃል ሳልጠየቅ ዳይክሎፌናክ ተሰጠኝ። ዝም ብዬ የወሰድኩት እኔም ነኝ፣ ዕድሜ ልኬን ቁጥሩን ሳይ የኖርኩት! አይቡፕሮፌንም ወንድሙ ነው። መርፌው «አይጎዳም» የሚባለው ውሸት ነው፤ መግቢያው ነው እንጂ የሚለየው መድኃኒቱ ያው ነው። ፓራሲታሞል በልኩ ለኩላሊት የተሻለ ነው።

ከወልድያ፦ ኢናላፕሪል ከጀመርኩ በኋላ ክሪያቲኒኔ ከ1.0 ወደ 1.2 ወጣ። ላቋርጠው?

ለሐኪምዎ ሳይነግሩ አያቋርጡ። እስከ 30 በመቶ የሚደርስ ጭማሪ የሚጠበቅ ነው፤ የእርስዎ 20 ነው። መድኃኒቱ በማጣሪያው ላይ ያለውን ጫና ማርገቡን ነው የሚያሳየው።

ከመርሳ፦ ጎኔንና ወገቤን ያመኛል፣ ኩላሊቴ ነው አይደል?

ብዙውን ጊዜ አይደለም። ጠጠርና ኢንፌክሽን ያማሉ፤ ቀስ ብሎ የሚደክም ኩላሊት ግን ዝም ነው የሚለው። የሸመገሉ ወንዶች ግን ሽንት መጀመር ካስቸገራቸው ወይም እየተቆራረጠ ከመጣ ይናገሩ፤ ፕሮስቴት የሚባለው የወንዶች ዕጢ የሽንቱን መውጫ ዘግቶ ክሪያቲኒንን ከፍ ሲያደርግ ደጋግሜ አይቻለሁ። አልትራሳውንድ ያሳየዋል።

ከከሚሴ፦ አሰላሙ አለይኩም። የአባቴ ኢጂኤፍአር 38 ነው፣ የሚያሸና ኪኒን አላቸው፣ ረመዳንን መጾም ይፈልጋሉ።

ወአለይኩም ሰላም። ያለ ሐኪም ምክር አይጀምሩ። ከሚሴ ከደሴ ይልቅ ሞቃት ነው፤ ደሴ ላይ የሚቻል ጾም እናንተ ጋ ሊከብድ ይችላል። ከጾሙ በፊትና ከጀመሩ በሳምንት ውስጥ ክሪያቲኒንና ፖታሲየም የሚባለው የደም ማዕድን ይታይ፤ የኪኒኑን ሰዓትም ሐኪሙ ያስተካክለው። ማስታወክ፣ ተቅማጥ፣ ማዞር ከመጣ ወይም ሽንት ከቀነሰ ያፍጥሩ። ለታመመ ሰው የተፈቀደውን ኢማሙ ያስረዷቸው፤ ከልጅ አፍ ይልቅ ከእሳቸው ይሰማሉ።

ከኩታበር፦ በቀን አራት ሊትር ውኃ ቢጠጡ ኩላሊቱ ይታጠባል ተባልን።

አይታጠብም። ሲጠማ መጠጣት፣ ሽንቱ ፈዘዝ ያለ ቢጫ እስኪሆን። ልባቸው ለደከመ ወይም እግራቸው ለሚያብጥ አራት ሊትር ራሱ አደጋ ነው።

ከደሴ፦ ክሪያቲኒን 1.1 ሆኖ ፖታሲየም ብቻ 6.2 ወጣ። ሰውየው ግን ደህና ናቸው።

ከ6 በላይ ልብን ሊያቆም ይችላልና አትጠብቁ፤ ዛሬ ሐኪም ጋ ሄደው የልብ ምርመራ፣ ኢሲጂ፣ ይነሡ፣ ደሙም እዚያው ይደገም። ክሪያቲኒኑ ደህና ሆኖ ፖታሲየም ብቻ ሲዘል ግን የእኛ የላቦራቶሪ ሰዎች ጥፋት ሊሆን ይችላል። ክንድ ላይ የሚታሰረው ጎማ ከቆየ፣ ጡጫ ደጋግሞ ከተጨበጠ፣ ፖታሲየም ከጡንቻው ይወጣል፤ ደሙ በቀጭን መርፌ በኃይል ከተሳበ ደግሞ ቀይ ሴሎች ይፈነዱና ውስጣቸው ያለው ፖታሲየም ይፈሳል። ቱቦው ሲታይ ከላይ የሚቀረው ፈሳሽ ቢጫ መሆን ሲገባው ሮዝ ይመስላል። ሲደገም ጡጫ ሳይጨብጡ፣ ጎማው ቶሎ ተፈትቶ ይቀዳላቸው፤ ናሙናውም ሳይቆይ ይሠራ ብላችሁ ጠይቁ፣ አያሳፍርም።