«ጎበዝ» ብቻ አይበቃም

ልጆቼ፣ ዘንድሮ ጎንደር ውስጥ ጠመኔ ጨብጣችሁ እንግሊዝኛ ልታስተምሩ ለምትገቡት ነው የምጽፈው። እኔ ጡረታ ወጥቻለሁ፤ ከጠመኔው ብናኝ የተረፈኝ ሳልና ጥቂት ትዝብት ነው።

ስጀምር መሣሪያዬ ቀይ እስክሪብቶ ነበር። ተማሪ ሲናገር ከአፉ ነጥቄ አርማለሁ። አንዲት ከገጠር መጥታ ቤት ተከራይታ የምትማር የ9ኛ ክፍል ልጅ ተነሥታ «የስተርደይ አይ ጎ ቱ አዘዞ» አለች። «ዌንት!» ብዬ አንባረቅሁባት። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። አንገቷን ደፍታ ተቀመጠች፤ ዓመቱን ሙሉ ድምጿን አልሰማሁም። ከ9ኛ ጀምሮ ፊዚክሱም ባዮሎጂውም በእንግሊዝኛ ነውና፣ እኔ ዘንድ የተዘጋ አፍ እዚያም ተዘግቶ እንደሚውል የገባኝ ዘግይቶ ነው።

ከዚያ ወደ ሌላው ጥግ ሮጥሁ። ላወቀውም ላላወቀውም «ጎበዝ! አጨብጭቡለት!» ሆነ። በሁለት ሳምንት ጭብጨባውን ልብ የሚለው ጠፋ። ከደመወዜ እስክሪብቶ እየገዛሁ መሸለም ጀመርሁ፤ እጅ ተንጋጋ። እስክሪብቶው ሲያልቅ እጁም ወረደ። እ.ኤ.አ. በ1973 የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ሌፐር፣ ግሪንና ኒስቤት ሥዕል በሚወዱ ሕፃናት ላይ ያዩት ይህንኑ ነው፦ «ከሣላችሁ የምስክር ወረቀት ትሸለማላችሁ» የተባሉት፣ ከሽልማቱ በኋላ በነፃ ጊዜያቸው መሣሉን ቀነሱ። ሳይጠብቁት ድንገት የተሸለሙት ግን አልቀነሱም። ይህን ያነበብሁት ገንዘቤ ካለቀ ከዓመታት በኋላ መሆኑ ዛሬም ያበሽቀኛል።

የሥነ ልቦናው ሊቅ ስኪነር በአይጥና በእርግብ እንዳሳየው ሽልማት ድርጊቱን ወዲያው ሲከተል ነው የሚይዘው። ግን እርግብ ድረስ ምን አስኬደን? የቅኔ ቤታችን አለ አይደል! ግዕዝ በማንም ቤት የማይነገር ቋንቋ ነው፤ የቅኔ ተማሪ ግን በዚያው ይፈላሰፍበታል። ከቅኔ ዓይነቶች ባለ 2 ቤቷን (ባለ 2 ስንኟን) ጉባኤ ቃና ይዞ ይጀምርና ባለ 8 ቤቱ መወድስ ላይ ይደርሳል። ሲዘርፍ ወርቁ የገባቸው አድማጮች እዚያው «ይበል!» ይላሉ። ልጁ የትኛዋ ቃል እንዳስወደሰችው ያውቃል፤ ያልሆነለት ዕለት ይበል የለም።

እናንተም እንዲሁ አድርጉ። ያቺ ልጅ ዛሬ ብትነሣ «አዘዞ? ምን ገዛሽ?» ብዬ በእንግሊዝኛ እጠይቃታለሁ፤ «ዌንት»ን እግረ መንገዴን በራሴ ዐረፍተ ነገር እላታለሁ። ሌላ ቀን ራሷ «አይ ዌንት» ስትል፣ ወንበሯ አጠገብ ሳልፍ «ማንም ሳያርምሽ ‹ዌንት› አልሽ፤ ሰምቻለሁ» እላታለሁ፣ ቀስ ብዬ። ዓይን አፋር ልጅ በጉባኤ ፊት ሲመሰገን ከስድብ እኩል ይሸማቀቃል።

ባለፈው ሳምንት ፋሲል ግቢ በር ላይ ቆሜ ነበር። አንድ ሊስትሮ ቱሪስቱን «ዌር ዩ ፍሮም?» አለው። ሰውዬው ቆመና «ኢታሊ» ሲል መለሰለት። ልጁ ፊቱ በርቶ ወደ ሚቀጥለዋ ሴትዮ በረረ፤ እሷንም ጠየቃት። «አር» ጎድላለች። እኔ ዝም አልሁ፤ እጄ ግን ሳላስበው ኪሴ ገብቶ ቀዩን እስክሪብቶ ይፈልግ ነበር።