ራስ ዳሸን ሦስት ቀን ሲቀረው ልጄ «አልሄድም» አለ

ጥያቄ፦ ከባለቤቴና ከሁለት ልጆቻችን ጋር ከደባርቅ ተነስተን ስሜን ተራሮችን በእግር እየተጓዝን ነው። አምስተኛ ቀናችን ነው፤ ጨነቅ ካምፕ ደርሰናል። ትልቁ ልጄ (15 ዓመቱ ነው) ከእመት ጎጎ ተራራ ስንወርድ «በቃኝ፣ ራስ ዳሸን አልወጣም» ብሎ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። አባቱ በስካውቱ (በታጣቂው የፓርክ አጃቢ) እና በባለበቅሎዎቹ ፊት «ሰነፍ!» አለው። ከዚያ ወዲህ የሚነጋገሩት በእኔ በኩል ነው። የ10 ዓመቷ እህቱ ዝም ብላለች። ነገ እዚሁ እናርፋለን። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ከጠቡ በፊት ስለ ራስ ምታት እንጠይቅ። ጨነቅ ከባሕር ጠለል በላይ 3,600 ሜትር ግድም ነው። እዚያ ከፍታ ላይ እንቅልፍ ይቆራረጣል፣ ምግብ ያስጠላል፣ ሰው በትንሹ ይነጫነጫል። ጎረምሳ ደግሞ «አሞኛል» ከማለት «አልፈልግም» ማለት ይቀለዋል። ለብቻው ይጠይቁት፦ ራስህን ያምሃል? ያቅለሸልሽሃል? አዎ ካለ፣ ሳይሻለው ከዚያ በላይ አይውጣ። ሲራመድ ከተንገዳገደ፣ ንግግሩ ከተምታታ ወይም ተቀምጦም ትንፋሽ ካጠረው ነገን አይጠብቁ፤ የመኪናው መንገድ በጨነቅ ስለሚያልፍ መኪና አስጠርታችሁ ውረዱ።

ጤናው ደህና ከሆነ፣ ድካሙን አንድ ሌሊት ያነሳለታል። በሰው ፊት «ሰነፍ» መባሉ ግን አብሮት ያድራል። አሁን ቢነሳ ስድቡ ያስነሳው ይመስልበታል፤ ስለዚህ አይነሳም። አባትየውም ለዘመድ አዝማድ «ራስ ዳሸን ወጥተን እንመጣለን» ብለው ከሆነ መመለሱ አሳፍሯቸዋል። ሁለቱም የያዛቸው እፍረት ነው።

እርስዎ ከዛሬ ማታ ጀምሮ መልእክት ማድረስ ያቁሙ። «ለአባቴ ንገሪው» ሲልዎት «እዚያ አለ፣ ሂድና ንገረው» ይበሉት፤ ለባለቤትዎም እንዲሁ። መጀመሪያ ላይ ዝምታው ይብሳል፤ ይታገሡት።

ነገ ከምሳ በኋላ፣ ሆድ ሲሞላ፣ አባትና ልጅ ዋልያ ለማየት ወደ ገደሉ አፋፍ ብቻቸውን ይሂዱ። ጎን ለጎን ሆኖ ወደ ሩቅ እያዩ መናገር ፊት ለፊት ከመፋጠጥ ይቀላል። ባለቤትዎ የሚሉት አጭር ነው፦ «ትናንት በሰው ፊት ሰነፍ ያልኩህ ልክ አልነበረም።» ከዚያ ዝም። «ግን አንተም…» ካስከተሉ ይቅርታው ፈረሰ።

ስለ መንገዱ የምትነጋገሩት ከዚህ በኋላ ነው፤ «ትሄዳለህ አትሄድም?» የሚለው ግን ይቅር። ሰው ሁሉ የሚያወራው ስለ ጫፉ ነው፤ ጉልበት የሚጨርሰው ግን የመሸሃ ወንዝ ነው። ከጨነቅ ተነስታችሁ 4,200 ሜትር አካባቢ ያለውን የቧሂት መተላለፊያ ተሻግራችሁ፣ ወደ 2,800 ሜትር ወርዳችሁ፣ እንደገና ወደ አምቢቆ ትወጣላችሁ። በማግስቱ ራስ ዳሸን (4,533 ሜትር) ደርሶ መልስ ከ8 እስከ 10 ሰዓት ይፈጃል። በሦስተኛው ቀን ያው ወንዝ ይጠብቃችኋል። የ10 ዓመቷም እግር እዚህ ሒሳብ ውስጥ ይግባ።

እኔን ከጠየቁኝ የቧሂትን ጫፍ እመርጣለሁ፦ 4,430 ሜትር ነው፣ ከጨነቅ ወጥቶ በዚያው ቀን ይመለሳሉ፣ አራታችሁም ትደርሱበታላችሁ። ባለቤትዎ ራስ ዳሸን ካልቀረ ካሉ መከፋፈልም ይቻላል፤ ስንቁ፣ ድንኳኑና ስካውቱ ለሁለት ቡድን መብቃቱን ግን ነገ ማታ ከአስጎብኚው ጋር ጨርሱ። ጠዋት በጭነት ሰዓት የተነሳ ጥያቄ ጠብ ይሆናል።

አጨራረሱን የምጨነቅበት ምክንያት አለኝ። የሥነ ልቦና ተመራማሪው ዳንኤል ካህነማንና ባልደረቦቹ በ1993 (እ.ኤ.አ.) ባሳተሙት ሙከራ ሰዎች አንድ ጊዜ እጃቸውን 14 ዲግሪ በሆነ ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ለ60 ሴኮንድ ነከሩ። ሌላ ጊዜ ያንኑ 60 ሴኮንድ ካሳለፉ በኋላ፣ ውኃው ቀስ እያለ በአንድ ዲግሪ ሲሞቅ 30 ሴኮንድ ጨመሩ። የቱን እንድገም ሲባሉ አብዛኞቹ ረጅሙን መረጡ፤ ሥቃዩ ቢረዝምም መጨረሻው ቀለል ብሎ ነበርና። የልጅዎም ትዝታ የሚያዘነብለው ወደ መጨረሻዎቹ ቀናት ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። ስትለያዩ ለባለበቅሎዎቹና ለስካውቱ የምትሰጡትን ጉርሻ ልጁ በእጁ ይስጥ፤ አባቱም አጠገቡ ቆመው «አምስት ቀን ሙሉ በእግሩ የመጣ ልጄ ነው» ይበሉ። ሲሰደብ የሰሙት እነዚሁ ሰዎች ናቸው።