ስለ ባስ ዘንግ ጠይቁኝ፤ ግን መጀመሪያ ግራሙን ንገሩኝ

ሰላም ጀማው! ዘንግ ሳስር የተነሣሁትን ፎቶ ካያችሁ ወዲህ ጥያቄ በዝቶብኛል። ለየብቻ ከምመልስ እዚሁ ባንድ ላይ ይሻላል። ለማያውቁኝ፣ ሐይቅ ከተማ ተወልጄ ያደግሁ ነኝ። አሜሪካ ሳለሁ ዘጠኝ ዓመት በአንድ አነስተኛ የዓሣ ማጥመጃ ዘንግ መሥሪያ ቤት ሠርቻለሁ። አሁን ደሴ ነኝ። ለሙከራ የሚያወጧቸውን ዘንጎች አሁንም ይልኩልኛል፤ እኔም አጥፌ፣ ወርውሬ፣ አንዳንዴም ሰብሬ ምን መስተካከል እንዳለበት እጽፍላቸዋለሁ።

ዘንጎቹ ባስ ለሚባል ዓሣ ናቸው። ባስ እኛ ጋ የለም፤ የሰሜን አሜሪካ ዓሣ ነው። አፉ ሰፊ ነው፤ ሣር ውስጥና የወደቀ ግንድ ሥር አድፍጦ ሌላ ዓሣ ይበላል። ብዙዎቹ አጥማጆች የሚይዙት በትል ሳይሆን በሉር ነው። ሉር የውሸት ምግብ ነው፤ ከእንጨት፣ ከፕላስቲክ ወይም ከብረት ይሠራል፣ ውኃ ውስጥ ሲጎተት የሚዋኝ ይመስላል።

ሁለት ነገር አስቀድሜ ልበል። አንደኛ፣ የካርቦን ዘንግ ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል። የመብራት ሽቦ በሚያልፍበት አትወርውሩ፤ ነጎድጓድ ሲጀምር ዘንጉን አስቀምጡና ከውኃው ራቁ። ሁለተኛ፣ የሉሩን ክብደት በግራም ሳትነግሩኝ ዘንግ አትጠይቁኝ። በሉ ቀጥሉ።

የሐይቅ ዳሩ፦ ጋሼ፣ ጥሩ ዘንግ የቱ ነው?

ለምን? በስንት ግራም ሉር? ከጀልባ ነው ከዳር? «ጥሩ ጫማ የቱ ነው» ብትለኝ ለሠርግ ነው ለእርሻ እልህ ነበር። አስበህ ተመለስ።

ቦርከና፦ «ፈጣን» እና «መካከለኛ» ዘንግ ሲባል ምን ማለት ነው? ፈጣኑ ሩቅ ይወረውራል?

ይቺን ነው የምፈልጋት። ከፍጥነት ጋር ግንኙነት የለውም ማለት ይቻላል። ጉዳዩ ዘንጉ የት ላይ ይታጠፋል ነው። የዘንጉን ሥር ጠረጴዛ ላይ አጥብቀህ እሰረው። ጫፉ ላይ ግማሽ ሊትር ውኃ የሞላ ኮዳ አንጠልጥልና ከጎን እየው። ጫፉ ብቻ ጎንበስ ብሎ ወገቡ ቀጥ ካለ ፈጣን ነው። እስከ ወገቡ ከታጠፈ መካከለኛ ነው። እስከ መያዣው ድረስ እንደ ቀስት ከዞረ ዝግ ያለ ነው።

ለምን ይጠቅማል? ባስ ምግቡን እንደ ውሻ አይነክስም። አፉን በርግዶ ውኃውን ከነሉሩ ይስባል። ባለ ሦስት ጥፍር መንጠቆ ያለው ሉር እየጎተትክ ዘንግህ ደረቅ፣ ማለትም አልታጠፍም ባይ ከሆነ፣ ዓሣው ሲስብ አንተ ትነጥቀዋለህ። ብትይዘውም ጥፍሮቹ ትንንሽ ስለሆኑ ሲታገል ከንፈሩን ቀደው ይወጣሉ። ለእንዲህ ያለው ወገቡ የሚታጠፍ፣ የሚታገሥ ዘንግ ያስፈልጋል። ባለ አንድ ወፍራም መንጠቆ ለስላሳ የፕላስቲክ ትል ከሆነ ግን ነገሩ ይገለበጣል። መንጠቆውን ጠንካራ ከንፈር ውስጥ መክተት አለብህ፤ ፈጣን ዘንግ ይሻላል።

እዚያ ሳለሁ ለባለ ሦስት ጥፍር ሉር የተሠራ አዲስ ዘንግ ለሙከራ ወጣ። ሁሉም ወደደው። ቀላል፣ ሸጋ ነገር። ውኃ ላይ ስንወጣ ግን ዓሣው ይመታል፣ ጀልባው ጋ ሲደርስ ይለቃል። መጀመሪያ መንጠቆውን ወቀስን፣ ቀጥሎ ክሩን፣ ቀጥሎ እርስ በርስ። መጨረሻ ላይ ጫፉና ወገቡ ላይ ካርቦኑን ቀንሰን ፋይበር ግላስ ቀላቀልንበት። ዘንጉ ትንሽ ከበደ፤ ሱቅ ውስጥ ለሚያወዛውዘው ሰው «ሰነፍ» ሆነ። መልቀቁ ግን በጣም ቀነሰ። ዘንግ ሱቅ ውስጥ ተወዛውዞ አይመረጥም የምለው ለዚህ ነው።

ወሎዬው፦ ባለ 40 ቶን ካርቦን የሚል አየሁ። ያን ያህል ይሸከማል?

አይ ወንድሜ። 40 ቶን ብትሰቅልበት ዘንጉም አንተም ጠረጴዛውም የላችሁም። ቁጥሩ የካርቦኑ ክር ምን ያህል አልታጠፍም ባይ እንደሆነ የሚለካበት ነው፤ በአንድ ካሬ ሚሊ ሜትር የሚታሰብ። ቁጥሩ ሲጨምር በትንሽ ክብደት ብዙ ድርቀት ታገኛለህ፤ ዘንጉ ይቀላል፣ የዓሣው ንክሻ እጅህ ላይ ይሰማል። ዋጋውስ? ሲመታ ይሰበራል። ጀልባ ጠርዝ ላይ አንዴ ኳ ካለ ሳምንት ቆይቶ በትንሽ ዓሣ ቀጭ ይላል። ለጀማሪ 24 ወይም 30 ቶን ይበቃል።

የኮምቦልቻዋ፦ ጋሼ፣ እኔ እጄ ትንሽ ነው። የወንድሜን ዘንግ ስይዝ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ አንጓዬ ያመኛል። መያዣውን ባሳጥረው ይሻላል?

ዝም ብለሽ አታሳጥሪው እህቴ። ሪሉ፣ ማለት ክሩ የሚጠቀለልበት ዕቃ፣ የሚቀመጥበት ቦታ ላይ ያዢውና እጅሽን ዘና አድርጊ። ጫፉ ወደ መሬት ይወርዳል? እንግዲያው ችግሩ የመያዣው ርዝመት አይደለም፤ የጫፉ ክብደት ነው። አንጓሽ ቀኑን ሙሉ ያንን ጫፍ ሲያነሣ ይውላል። ሥሩ ላይ እርሳስ ጨምረው የሚያመጣጥኑ አሉ። ይሠራል፤ ግን አሁን ሙሉ ዘንጉን አከበድሽው። እኔ ከጫፍ መቀነስን እመርጣለሁ።

ርዝመቱን በክንድሽ ለኪው። ከሪሉ እግር እስከ ዘንጉ ቂጥ ያለው ርቀት ክርንሽ አካባቢ ቢደርስ ለአብዛኛው ሥራ ይሆናል። ከዚያ ካለፈ የጎን ልብስሽ ውስጥ ይሰካል። ስንት ግራም ነው የምትወረውሪው?

የኮምቦልቻዋ፦ አላውቅም። ትንሽ የብረት ማንኪያ የመሰለ ነው።

«ትንሽ» ግራም አይደለም። መዝኚና ተመለሺ።

ጢጣ፦ ዋጋው ስንት ነው? የት ይገኛል?

ሻጭ አይደለሁም።

ቦርከና፦ ከጫፍ መቀነስ ስትል ቀለበቶቹን ነው?

አዎ! ሌሊቱን ሙሉ ስለ ቀለበት ባወራ አይደክመኝም። ክሩ የሚያልፍባቸው ቀለበቶች ሁሉ ሸክም ናቸው። ጫፉ አጠገብ ያለ አንድ ግራም መያዣው አጠገብ ካለው አንድ ግራም ጋር አይወዳደርም። ከወረወርክ በኋላ ጫፉ ሲንቀጠቀጥ አይተሃል? ከባድ ቀለበት ያንን መንቀጥቀጥ ያራዝመዋል፤ ክሩም ቀለበቱን እየመታ ይዘገያል። ስለዚህ ወደ ጫፍ ስትሄድ ትንሽና ቀላል።

ቁጥሩ ላይ የቆየ ልማድ አለ። በጫማ ከሚለካው ርዝመት ላይ አንድ ጨምር። ባለ 7 ጫማ፣ ማለት 2 ሜትር ከ13፣ ስምንት ቀለበትና የጫፉ ይሆናል። ግን መነሻ ብቻ ነው። ቀለበቶቹን መጀመሪያ በፕላስተር ለጥፍ። ክር አሳልፍና ጫፉን አጉብጠው። ክሩ የዘንጉን ጉብጠት ተከትሎ መሄድ አለበት። የሆነ ቦታ ላይ አቋርጦ ቀጥ ካለ፣ እዚያ ቀለበት ጎድሏል ወይም ርቋል። አንቀሳቅስ፣ እንደገና አጉብጥ። እኔ አንድ ዘንግ ላይ ይሄን ስሠራ ግማሽ ቀን ይሄዳል። ሚስቴ «ዛሬም ያንን ሸምበቆ ታስታምማለህ?» ትለኛለች።

ሪልህ መጠቅለያው ሳይዞር ክሩን በጫፉ በኩል እየተረተረ የሚለቅ ዓይነት ከሆነ ክሩ እየተጠቀለለ ነው የሚመጣው። የመጀመሪያው ቀለበት ሰፋና ከፍ ይበል፤ ከዚያ ቶሎ ቶሎ ይጥበብ።

አንድ ምክር ደግሞ። ክርህ በየጊዜው የሚበጠስ ከሆነ ክሩን ከመርገምህ በፊት ጥጥ በየቀለበቱ ውስጥ ጎትት። እናቴ የምትፈትለው ዓይነት ለስላሳ ጥጥ። ቀለበቱ ውስጥ ዓይን የማያየው ስንጥቅ ካለ ጥጡን ይይዘዋል። አገኘኸው ማለት ነው።

የሐይቅ ዳሩ፦ ለትልቅ ዓሣ ጠንካራ ዘንግ ቢሆን ይሻላል አይደል?

ስንት ግራም? አሁንም አልነገርከኝም። ዘንግ የሚሠራው መጀመሪያ ለሚወረውረው ነው። ለ30 ግራም የተሠራ ዘንግ 5 ግራም ሉር አይሰማውም፤ እንደ ዱላ ታወዛውዘዋለህ እንጂ አይተኩስም። ደግሞ ዓሣው ሲቀርብ ዘንጉን ወደ ሰማይ ቀጥ አድርገህ አትሳብ። ሸክሙ ሁሉ ጫፉ ላይ ይሆንና ይሰበራል። ከሽቦም ራቅ ብያለሁ።

አምባሰል፦ ጋሼ፣ ይሄ ባስ የሚሉት ዓሣ እንዲህ ከሆነ ለምን ሐይቃችን ውስጥ አይጨመርም? ቱሪስት ያመጣል።

አይሆንም።

ወሎዬው፦ ለምን አይሆንም? ቆሮሶውም እኮ የመጣ ነው። አባቴ በ1970 ዓ.ም. ገደማ ነው ሐይቅ የገባው ይላል። ካርፑም የመጣ ነው። ሰው እየበላው አይደል?

አምባሰል፦ እንዴታ! ኬንያ ናይቫሻ ውስጥ ባስ አለ ይባላል።

አባትህ ልክ ናቸው። ናይቫሻም እውነት ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1929 ነው የተጨመረው። ግን ቆሮሶ በአብዛኛው የውኃ አረንጓዴ ነው የሚበላው። ባስ የሚበላው ዓሣ ነው፤ የቆሮሶውን ጫጩት ጨምሮ። ጃፓን እ.ኤ.አ. በ1925 አሺ በሚባል ሐይቅ አስገባችው። ከዚያ በየውኃው ተበተነ። እ.ኤ.አ. በ2005 ሥራ ላይ በዋለው ሕግ ባስን በሕይወት ማጓጓዝና መልቀቅ ከለከሉ። የሚገርመው ከአራት ዓመት በኋላ ማናቡ ኩሪታ የሚባል አጥማጅ እዚያው ጃፓን፣ ቢዋ ሐይቅ ላይ 10.12 ኪሎ የሚመዝን ባስ ያዘ። ጆርጅ ፔሪ እ.ኤ.አ. በ1932 አሜሪካ፣ ጆርጂያ ውስጥ ከያዘው ጋር እኩል ተብሎ ተመዘገበ። ለአጥማጁ ደስ ይላል። ቢዋ ውስጥ ትንንሽ ዓሣ በመረብ ለሚያወጣው ሰው ግን ደስ አይልም። እኔ እንጀራዬ ከባስ ነው፤ ሐይቅ ውስጥ ግን አንድም እንዲገባ አልፈልግም።

የግሸን መንገድ፦ ዓሣው ቢበዛ ለጾም ይጠቅም ነበር።

ጢጣ፦ ዓሣ ጾም ነው እንዴ? በዐቢይ ጾም አይበላም።

የግሸን መንገድ፦ ሁዳዴን አላልኩም። በሌላው ጾም የሚበላ ሞልቷል።

ጢጣ፦ የሚበላ ሞላ ማለት ተፈቀደ ማለት አይደለም።

ባቲ ሰኞ፦ እኛ ምን ቸገረን፣ ስትጨርሱ ጥሩን፤ ጥብሱን እናቀርባለን 😄

ኧረ በፈጠራችሁ! ይሄን ለንስሐ አባቶቻችሁ። ወደ ዘንጉ።

ባቲ ሰኞ፦ እሺ። ፊላ መሃል ለመወርወር ረጅም ዘንግ አይሻልም? እኛ ልጅ ሳለን በረጅም ሸምበቆ ነበር።

ጥሩ ነገር አነሣህ። የዛሬዎቹ ከባድ የባስ ዘንጎች ትልቅ ክፍል የመጣው ከዚሁ ነው። ካሊፎርኒያ ውስጥ ዲ ቶማስ የሚባል አጥማጅ ነበር። እንደ ፊላ ባለ ረጅም ሣር ውስጥ 12 ጫማ በሚሆን ዘንግ ሉሩን ዝም ብሎ ቀዳዳው ላይ ያወርድ ነበር። መወርወር የለ፣ መንቦጫረቅ የለ። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ውድድር ላይ ሌሎቹ አጉረመረሙ፤ የርዝመት ገደብ መጣ። እሱም ወደ 7 ጫማ ተኩል አሳጠረና በዚያም አሸነፈ። ስለዚህ አዎ፣ ለፊላ ረዘምና ጠንከር ያለ። ሸምበቆህ ትክክል ነበር።

ቦርከና፦ ቀለበቱ ከታሰረ በኋላ የሚቀባውስ? የኔ ኢፖክሲ ወደ አንድ ጎን እየወረደ ደረቀ።

አላዞርከውም። እስኪጠነክር ድረስ ዘንጉ ቀስ እያለ መዞር አለበት። ሞተር ከሌለህ በየጥቂት ደቂቃው ሩብ ዙር በእጅህ። ደሴ ላይ ደግሞ ብርድ አለ፤ ኢፖክሲ በብርድ ቶሎ አይደርቅም። እኔ አንዴ ቸኩዬ ለቡና የተቀጣጠለው ከሰል አጠገብ አቆምኩት። እህቴ ማንደጃውን አራገበች። አመዱ በሙሉ ስድስት ቀለበት ላይ ተለጠፈ። ያ ዘንግ እስከዛሬ አለ፤ ስሙ «አቦል» ነው።

የሐይቅ ዳሩ፦ የቱን ሪል ትመክራለህ?

ሪል አልሠራም። ደግሞ ግራሙ!

የኮምቦልቻዋ፦ ጋሼ፣ ወርቅ ቤት ወስጄ አስመዘንኩት። ሰውየው ብር መስሎት ነበር። 9 ግራም ነው። መንጠቆው ባለ ሦስት ጥፍር ነው፤ ክሩ የማይለጠጥ የተጎነጎነ ነው። የምወረውረው ከዳር ነው።

አሁን ተግባባን። ከ5 እስከ 15 ግራም የተጻፈበት፣ 2 ሜትር ከ10 አካባቢ የሆነ ፈልጊ። ክርሽ ስለማይለጠጥ ዘንግሽ መታገሥ አለበት፤ መካከለኛ ይሁን፣ ፈጣን አትግዢ። የወንድምሽን ዘንግ አምጪውና ጎኑ ላይ ስንት ግራም እንደተጻፈበት አንብቢልኝ። ከ20 በላይ ከሆነ አንጓሽን ያሳመመሽ እሱ ነው።

የኮምቦልቻዋ፦ 15–40 ይላል።

መልሺለት።